ጣና ላይ ትልቅ ጀልባ፦ ስለ ሞተርና ፕሮፔለር ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ6 እስከ 9 ሜትር የሚረዝም የመዝናኛ ጀልባ ላላቸው ወይም ሊገዙ ላሰቡ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከጣና ናቸው። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ ወይም ባቦጋያ ላይም አብዛኛው ነገር ያው ነው። ሞተር ስንገዛ ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ነው። ያ ቁጥር ግን የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጀልባዎ የሚሄደው 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያውም ሰው ጭኖ ነው። ከታች ያለው መልስ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ጀልባዬ 7 ሜትር ገደማ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል?

ርዝመቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ዋናው ክብደቱ ነው። እስቲ እንደምረው። ባዶው ጀልባ 1,100 ኪሎ ይሁን። 12 ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝን 900 ኪሎ ይመጣል። 200 ሊትር ቤንዚን ወደ 150 ኪሎ ነው። የ150 ፈረስ ሞተር ራሱ 220 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ባትሪው፣ መልሕቁ፣ ላይፍ ጃኬቱ፣ የምሳ ዕቃው ሲጨመር 2,400 ኪሎ ገባን ማለት ነው።

ውሃው ላይ ተነስቶ ለሚንሸራተት ጀልባ የተለመደው ስሌት ለአንድ የፈረስ ጉልበት ከ11 እስከ 18 ኪሎ ነው። በ18 ካካፈልን 133 ፈረስ ይመጣል። ያ ዝቅተኛው ነው፤ ይነሳል፣ ግን እየከበደው። በ11 ካካፈልን 218 ይሆናል። ያ ደግሞ ፍጥነት ለሚወድ ነው። ለቤተሰብና ለእንግዳ 150 አካባቢ መልካም ነበር፣ ጣና ላይ ባንሆን ኖሮ። ከፍታውን ስናስገባ 175 ወይም 200 መመልከት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ጀልባው ላይ የተለጠፈ ሠሌዳ ካለ፣ እሱ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት አይለፉ። «ከፍታው ጉልበቱን ስለሚቀንሰው ትንሽ ብጨምርበት ምን አለበት?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከፍታው ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ የሞተሩን ኪሎ አይቀንስም። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ የሚሸከመው ያንኑ ክብደት ነው።

ፍጥነት አልፈልግም፤ እንግዶች ይዤ ቀስ ብዬ ዘጌ ደርሼ መመለስ ነው የምፈልገው። ያም ሆኖ 150 ያስፈልገኛል?

አያስፈልግዎትም። 7 ሜትር ጀልባ ውሃው ላይ ሳይነሳ፣ ውሃውን እየገፋ ሲሄድ ምቹ ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በላይ ቢያስጨንቁት ማዕበሉ ይተልቃል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ፍጥነቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። ለዚህ አካሄድ ከ40 እስከ 60 ፈረስ ይበቃል። ሞተሩን ሲመርጡ ግን ለከባድ ጀልባ የተሠራውን፣ ከታች ትልቅ የማርሽ ሳጥን ያለውን ይጠይቁ። ያማሃና ሜርኩሪ በዚህ መጠን ሁለት ዓይነት ሞተር ይሠራሉ፤ አንዱ ለቀላል ጀልባ፣ አንዱ ለከባድ። የከባዱ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ክንፍ) ሰፊ ነው፣ በዝግታ ይዞራል፣ ብዙ ውሃ ይገፋል። በነፋስ ጊዜ ወደብ ላይ ሲጠጉ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ላይ እንደ ጥይት ይሄድ የነበረ ጀልባ ጣና ላይ ለምን ደከመ?

አየሩ ስለሳሳ። ሞተር ቤንዚን ለማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል። ከፍ ባልን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ያንሳል። ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር (አየር በግድ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 18 በመቶ ገደማ ይሄዳል። ክዳኑ ላይ 150 የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ እንደ 123 ይሠራል። ሐዋሳና ዝዋይ ትንሽ ይሻላሉ። ጫሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጉዳቱ ከዚያም ያነሰ ነው።

«የእኔ ሞተር ኢንጀክሽን ነው፣ ራሱ ያስተካክላል» የሚል መልስ በብዛት እሰማለሁ። ኢንጀክሽኑ የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል። የሌለውን አየር ግን አያመጣም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ይብሳል። የቤንዚን መርጫው ቀዳዳ ካልተቀየረለት ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ካንዴላው ይቆሽሻል።

የጠፋውን ጉልበት በፕሮፔለር መመለስ አይቻልም። የቀረውን በሙሉ መጠቀም ግን ይቻላል። እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚያጣው እሱን ነው።

ፕሮፔለሩ ላይ 14 x 17 የሚል ቁጥር አለ። ምንድን ነው?

ሁለቱም በኢንች ነው። መጀመሪያው ዲያሜትሩ ነው፤ ፕሮፔለሩ ሲዞር የሚሠራው ክብ ስፋት ማለት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር፣ ውሃው ባይንሸራተትበት ኖሮ ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ ይናገራል። ዲያሜትሩ ብዙ ጊዜ በሞተሩ መጠን የተወሰነ ነው። እኛ የምንመርጠው ፒቹን ነው።

ትክክለኛው ፒች ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያ ግምት ሻጩ ሊሰጥዎት ይችላል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የዙር መለኪያው ነው። እያንዳንዱ ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ስንት ዙር መድረስ እንዳለበት መመሪያው ላይ ተጽፏል። የያማሃ 150 ባለ አራት ምት ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። የሜርኩሪ 150 ከ5,000 እስከ 5,800 ነው። የራስዎን ሞተር መመሪያ ይክፈቱና ቁጥሩን ይያዙ።

ከዚያ ሙከራ ነው። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ይውጡ። ጀልባው ሁልጊዜ የሚጭነውን ያህል ሰውና ቤንዚን ይጫን። ባዶ ጀልባ ሞክሮ 12 ሰው መጫን ራስን መሸወድ ነው። ሞተሩ ይሙቅ። ቀጥ ባለ መንገድ ሙሉ ነዳጅ ይስጡት፣ ሞተሩን በትሪም (የሞተሩን ዘንበል ማለት በሚያስተካክለው ቁልፍ) ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት፣ ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም ዙሩን ያንብቡ። ፍጥነቱን ስልክዎ ላይ ባለው ጂፒኤስ ይያዙ። ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሱና በተቃራኒ አቅጣጫ ይድገሙት። የሁለቱን አማካይ ይጻፉ።

አሁን ሒሳቡ። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ሲጨምር በዚያው ልክ ይወርዳል። በምሳሌያችን ጀልባ ላይ ያማሃ 150 አለ እንበል፣ ፕሮፔለሩም 17 ፒች ነው። ሰው ሞልቶ ሲሞከር 4,900 ዙር ብቻ ሰጠ። ከሚፈቀደው በታች ነው። 15 ብናደርግለት 5,300 አካባቢ ይደርሳል። 13 ብናደርግለት ወደ 5,700 ይጠጋል።

የትኛው ይሻላል? ሁልጊዜ ሞልቶ የሚሄድ የእንግዳ ጀልባ ከሆነ 13ቱን እመርጣለሁ። የሞላ ጀልባ ከተፈቀደው ክልል በላይኛው ግማሽ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰው ሆኖ ለሚወጣ ቤተሰብ 15ቱ ይበቃል። 13ቱን ከመረጡ ሁለት ሰው ብቻ ሆነው አንዴ ይሞክሩት። ዙሩ 6,000 አልፎ ሞተሩ ራሱን መግታት ከጀመረ፣ ያ ፒች ለባዶ ጀልባ አንሷል ማለት ነው። ነዳጁን ትንሽ መለስ ማድረግ ይለምዱ።

የዙር መለኪያ የሌለው ጀልባ ካለዎት ፕሮፔለር ከመግዛትዎ በፊት እሱን ያስገጥሙ። ያለ እሱ የሚደረግ ምርጫ ሁሉ ግምት ነው።

ዙሩ ቢያንስ ምን ችግር አለው? እንዲያውም ሞተሩ አይደክምም፣ ቤንዚንም አይበላም አይደል?

ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሞተር ጨርሷል። ፒቹ የበዛበት ሞተር በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ነው። ነዳጅ ይሰጡታል፣ እሱ ግን መዞር አልቻለም። ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀትና ግፊት ይጠራቀማል፣ መንኳኳት ይመጣል፣ ካርቦን ይጋገራል። ፒስተንና ቀለበት የሚጎዳው እንዲህ ነው። ጉዳቱ በአንድ ቀን ስለማይታይ ማንም ፕሮፔለሩን አይጠረጥርም። ቤንዚኑም አይቀንስም። ጀልባው ውሃው ላይ ለመነሳት የሚወስደው ጊዜ ስለሚረዝም፣ አፍንጫውን ሰቅሎ እየታገለ ብዙ ይጠጣል።

ጓደኛዬ ያማሃው ላይ 17 ፒች ይዞ ደስተኛ ነው። እኔም ሱዙኪዬ ላይ 17 ልግጠም?

አይሆንም። በሁለቱ ሞተሮች ውስጥ ያለው ማርሽ ይለያያል። የያማሃ 150 ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ይዞራል። የሱዙኪ 150 ላይ ሞተሩ ሁለት ተኩል ጊዜ መዞር አለበት። ስለዚህ ሱዙኪው ላይ 21 ፒች ያማሃው ላይ ካለው 17 ጋር ይቀራረባል። የሜርኩሪ 150 ላይ ደግሞ 1.92 ጊዜ ነው። ከጎረቤት የሚወሰደው ልምድ ጠቃሚ የሚሆነው ጀልባው፣ ሞተሩና ጭነቱ ሲመሳሰሉ ብቻ ነው።

ፕሮፔለሬ በደንብ ውሃ እየያዘ መሆኑን በቁጥር ማወቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። ፒቹን በፕሮፔለሩ ዙር ያባዙ፣ ውጤቱን በ0.001524 ያባዙ። የሚመጣው ምንም መንሸራተት ባይኖር ኖሮ የሚደርሱበት ፍጥነት ነው፣ በሰዓት በኪሎ ሜትር። ምሳሌ፦ 5,700 ዙር፣ ማርሹ 2 ከሆነ ፕሮፔለሩ 2,850 ይዞራል። በ13 ሲባዛ 37,050 ነው። በ0.001524 ሲባዛ 56.5 ኪሎ ሜትር። ጂፒኤሱ 47 ካለ፣ የተንሸራተተው 17 በመቶ ገደማ ነው። ለተጫነ የቤተሰብ ጀልባ ይህ ጤናማ ነው። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የሆነ ነገር አለ፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሯል፣ ወይም ፕሮፔለሩ ተጎድቷል፣ ወይም የጀልባው ሆድ ቆሽሿል።

ባለ ሦስት ክንፍ ወይስ ባለ አራት?

ባለ ሦስቱ በፍጥነት ትንሽ ይበልጣል፣ በዋጋም ይቀንሳል። ባለ አራቱ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። ከባድ ጀልባን ቶሎ ያነሳል፣ ሲታጠፍ አይለቅም፣ ንዝረቱም ያነሰ ነው። ቀስ ብሎ እየሄደም ከውሃው ላይ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለእንግዳ ጀልባ እኔ ባለ አራቱን ነው የምመክረው። በተመሳሳይ ፒች ዙሩን ትንሽ ስለሚያወርድ፣ ከባለ ሦስት ወደ ባለ አራት ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ፒቹን አንድ ኢንች መቀነስ ያስፈልጋል።

አሉሚኒየም ይሻላል ስቴንለስ?

ስቴንለስ (የማይዝገው ብረት) ጠንካራ ነው። ክንፉ ቀጭን ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል ውሃውን በደንብ ይቆርጣል፣ ከባድ ጭነት ላይም አይታጠፍም። ከ150 ፈረስ በላይ ለሆነ ሞተር ገንዘቡ ካለ ስቴንለስ ይግዙ። ጣና ግን ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በደሴቶቹና በዳርቻው ድንጋይ አለ። አሉሚኒየም ድንጋይ ሲመታ ክንፉ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ስቴንለሱ ብዙ ጊዜ ሳይሰበር ይቀርና ምቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። መሃሉ ላይ ያለው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ቡሽ የተሠራው ለዚህ ነው፤ እሱ ተበልቶ ማርሹን ያድናል።

ጎማው ከተንሸራተተ ምልክቱ ይለያል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ነዳጁን ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ወደብ ይመለሱ።

የትኛውንም ቢገጥሙ ጀልባው ውስጥ መጠባበቂያ አሉሚኒየም ፕሮፔለር፣ ብሎኑ፣ ሮንዴላው፣ ማሰሪያ ሽቦውና የሚፈታበት ቁልፍ ይኑሩ። ደቅ ደሴት አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

እምቦጭና የዓሣ መረብስ?

እምቦጩ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ይህ የሁሉም ጀልባ ነጂ ጣጣ ሆኗል፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ። ሁለት ጉዳት አለው። ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ዙሩን ያበላሻል። የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳም ይደፍናል። ከሞተሩ ኋላ የሚወጣውን ቀጭን የውሃ ጅረት ሁልጊዜ በዓይንዎ ይከታተሉ። ጅረቱ ከሳሳ ወይም ከቆመ ሞተሩን ያጥፉ። ጅረቱ ደህና ሆኖ ፕሮፔለሩ ላይ ብቻ ከተጠመጠመ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ የኋላ ማርሽ ማስገባት አንዳንዴ ያራግፈዋል። ካልለቀቀ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ ሞተሩን ከፍ አድርገው በእጅ ያጽዱት። የጠፋ መሆኑን ሳያረጋግጡ እጅዎን ፕሮፔለር አጠገብ አያድርጉ።

የመረብ ክር የባሰ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የማርሽ ሳጥኑን የዘይት ጎማ ይቆርጣል። ውሃ ይገባል። የማርሽ ዘይት ሲቀየር ነጭ ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ዓሣ አጥማጅ ባለበት ሐይቅ ፕሮፔለሩን በየጊዜው አውልቆ ጀርባውን ማየት ከትልቅ ወጪ ያድናል።

አንድ ትልቅ ሞተር ወይስ ሁለት መካከለኛ?

ሁለት ሞተር በወደብ ላይ ለመዞር ደስ ይላል። አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይመለሳሉ። ዋጋው፣ ክብደቱና ጥገናው ግን ይበዛል። ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዞሩ ጀልባው ወደ አንድ ጎን አይጎትትም፤ ስለዚህ አንዱ ሞተር በግራ የሚዞር ሆኖ መታዘዝ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። አንዱ ሲጠፋ ቀሪው ብቻውን ብዙ ጊዜ ጀልባውን ውሃው ላይ አያነሳውም፤ ፒቹ የተመረጠው ለሁለት ነውና። በዝግታ ነው የሚመለሱት፣ ነዳጅ ሳያስጨንቁ።

ለ7 ሜትር ጀልባ የእኔ ምርጫ አንድ ጥሩ ሞተርና ከጎኑ 9.9 ወይም 15 ፈረስ ትንሽ ሞተር ነው። ትንሹ የራሱ የቤንዚን ታንክ ይኑረው። ዋናውን ያቆመው የቆሸሸ ቤንዚን ከሆነ፣ ከዚያው ታንክ የሚጠጣ ሁለተኛ ሞተር አያድንም።

የሞተሩ እግር ርዝመት እንዴት ይለካል?

ጀልባው ላይ ሞተሩ ከሚቀመጥበት ጫፍ እስከ ሆዱ ታች ይለኩ። 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ባለ 20 ኢንች፣ 63 ገደማ ከሆነ ባለ 25 ኢንች ይሆናል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በጣም ከፍ ካለ ሲታጠፉ አየር ይስባል፣ ዙሩ ድንገት ይወጣል። በጣም ዝቅ ካለ ውሃ ይጎትታል።

ከዱባይ ያገለገለ ሞተር ብገዛስ?

ጥሩ ዕቃ ሊገኝ ይችላል፤ ግን የሠራው ጨው ውሃ ላይ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ብሎኖቹና የሽቦ ጫፎቹ ይታዩ። ቴርሞስታቱ ተፈትቶ የውሃ መንገዱ ጨው መጋገሩ ይፈተሽ። የሁሉም ሲሊንደር ግፊት ይለካ፤ ዋናው ነገር ቁጥሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አዲስ ሞተሮች የሠሩበትን ሰዓት በኮምፒውተር ይናገራሉ፤ ሻጩ ያንን ካላሳየ ይለፉት። ኤቪንሩድ የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 መመረቱ ቆሟል። ሞተሩ ጥሩ ቢሆንም እዚህ አገር መለዋወጫ ፍለጋው ከባድ ስለሚሆን እኔ አልገዛውም።

ከጨው ውሃ የመጣ ሞተር ላይ ከዝገት የሚከላከለው የዚንክ ቁራጭ ጣፋጭ ውሃ ላይ ላዩ ቅርፊት ይዞ ሥራ ያቆማል። በአሉሚኒየም ወይም በማግኒዥየም ይቀየር።

ቤንዚን ምን ያህል ይበላል?

የ150 ፈረስ ባለ አራት ምት ሞተር ሙሉ ነዳጅ ላይ በሰዓት 55 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። በ3,500 እና በ4,000 ዙር መካከል ሲሄዱ ከዚያ ግማሽ በታች ይወርዳል። የቆየው የጀልባ ሰዎች ልማድ ቤንዚኑን ሦስት ቦታ መክፈል ነው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ላልታሰበ። ወደ ጎርጎራ ለሚሻገር ይህ ግዴታ ነው።

ፕሮፔለሩን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

አዎ፣ ቀላል ነው። ቁልፉን ይንቀሉ፣ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ያውጡ፣ ማርሹ ነጻ ላይ ይሁን። በክንፉና ከላይ ባለው ሳህን መካከል እንጨት ያስገቡ፣ እንዳይዞር። ማሰሪያ ሽቦውን አውጥተው ብሎኑን ይፍቱ። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ያለውን ወፍራም ሮንዴላ እንዴት እንደተቀመጠ ፎቶ ያንሱ፤ ተገልብጦ ከገባ ፕሮፔለሩ የማርሽ ሳጥኑን ይፈጫል። ዘንጉን ጠርገው ውሃ የማይበግረው ግራሶ ይቀቡ፤ ካልተቀባ በሚቀጥለው ዓመት አይወጣም። አዲሱን አስገብተው በመመሪያው ልክ ያጥብቁ፣ ማሰሪያ ሽቦው አዲስ ይሁን። ለጥቂት ደቂቃ ነድተው ሲመለሱ ብሎኑን እንደገና ይፈትሹ።